በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ስለተወሰደው ቴሌቪዥን

ለተከበሩ አቶ ይድነቃቸው
የዋርካው ማዞሪያ ቀበሌ ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት (ይኸውም ቴሌቪዥኔ ባለበት)

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ የሚያዝያ ሐሩር ጤናዎ እንዴት እንደሆነ፣ የቢሮዎ ማራገቢያ ዛሬም እየዞረ እንደሆነ፣ በተለይም ካለፈው ወር ጨዋታ ወዲህ ተዘግቶ የሰነበተው ድምፅዎ ተከፍቶልዎት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከቴሌቪዥናችን በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

እኔ አመልካቹ ዘሩ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ በተሠራ ራኩባ ሥር፣ በሣር ክዳን ጥላ ኳስ የማሳይ፣ እንግሊዝኛን ከትራክተር መመሪያና ከአረም መድኃኒት ጀሪካን ላይ ለቅሜ የተማርሁ ሰው ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ፣ ከሱዳን ከገባ የሰልባጅ ክምር ውስጥ ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያለው ካናቴራ መዝዤ ገዛሁ። የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ የደንብ ልብስ መስሎኝ ነበር። ደረቱ ላይ ያለውን ፊደል አንድ በአንድ ሳነብ ግን ሃርስቤሪ ታውን የሚባል የእንግሊዝ ኳስ ቡድን መሆኑን ደረስሁበት፤ ልብሱን ከለበስሁ ዘንድ ቡድኑን መካድ ነውር መስሎ ስለታየኝ ደጋፊ ሆንሁ። በዋንጫው ለሩብ ፍጻሜ ሲደርሱ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎም ቴሌቪዥኔን ያስወሰዱት በዚያው ቀን ነው።

ቅሬታዬንም ምስጋናዬንም ሳልለይ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ የመጋቢቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ሃርስቤሪ እርስዎ የሚደግፏቸውን ቀዮቹን አንድ ለዜሮ እየመራ፣ በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ሚሊሻዎች የእርስዎን ደብዳቤ ይዘው ገቡ። ደብዳቤው ያልተፈቀደ ስብሰባ ይላል። ፈቃድ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ፈቃድ ሰጪው ለሥልጠና ገንዳ ውሃ ከተማ ወርዷል የተባልሁ መሆኔን እያስታወስሁ፣ አንድ እርማት እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ሚሊሻዎቹ የስብሰባው መሪ ማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ የትራክተር ሹፌሩ አብዱረሕማን በጣቱ ያሳያቸውና እነርሱም ፊሽካ የያዘ ብለው የመዘገቡት ሰው የጨዋታው ዳኛ ነው። እስካሁን እያስፈለጉት ከሆነ ቢተዉት መልካም ነው፤ የሚኖረው እንግሊዝ አገር ነው።

፪ኛ/ ኳስ ሥራ ያስፈታል ብለዋል። በዚያ ሰዓት ከብቱ እንኳ ከጥላ አይወጣም፤ ከቢሮዎም የወጣ ሰው አላየንም። ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸውን ወንድሞቻችንን በሚመለከት ደግሞ ይህንን ይወቁልኝ። ጎጃሜው ከወሎዬው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጠው እዚያ ራኩባ ሥር ነው። ማስተዋል የሚባለው ወሎዬ በየዓመቱ ከመኪና ሲወርድ፣ የሚያድርበትን ካምፕ ሳይጠይቅ በፊት ሃርስቤሪ እንዴት ከረመ ብሎ ይጠይቀኛል። ሰው አገር ሄዶ የሚጫወት፣ ማንም የማያውቀው፣ ማንም ያሸንፋል ያላለው ቡድን ለሳሉግ ምን እንደሆነ በቢሮ ወንበር ላይ ሆኖ ለመረዳት ያስቸግር ይሆናል፤ አልፈርድብዎትም።

፫ኛ/ የባዕድ ባህል ያስፋፋል ላሉት መልስ የለኝም። ሞተር ብስክሌትዎ ላይ የለጠፉት የቀዮቹ አርማ ከቀበሌያችን ማኅተም አራት እጥፍ እንደሚተልቅ ግን በማስመሪያ ለክቻለሁ።

፬ኛ/ ይህ ንጹሕ ምስጋና ነው። የውሃ ቦኖው ቧንቧ እንዲቀየርልን ካመለከትን ሦስት ዓመታችን ነው። ቴሌቪዥኔ ግን ከራኩባዬ በተነሣ በአሥራ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ቢሮዎ ገብቶ፣ ዓመት ሙሉ ያለ ቴሌቪዥን ከቆመው የመንግሥት ዲሽ ጋር ተገናኝቶ፣ ምስል ሰጠ። ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ ምን ያህል ቀልጣፋ እንደሆነ ስላሳዩን ሕዝቡ ኮርቷል።

የቀረውን ጨዋታ አርባ ሰዎች ሆነን የተከታተልነው በግቢዎ አጥር ላይ ጆሯችንን ጥለን ነው። እናንተ ኡ ስትሉ ቀዮቹ እንደሳቱ፣ ጠረጴዛ ሲደበደብ የእኛ በረኛ እንዳዳነ እየተረዳን፣ ሻይ ሻጯ ከውሰር ደግሞ ደቂቃውን ከስልኳ እየቆጠረችልን ቆየን። በመጨረሻ ከቢሮዎ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ሰው ሲተነፍስ እንኳ አይሰማም ነበር። ያን ጊዜ ማሸነፋችንን አውቀን ተቃቀፍን። ከተቃቀፉት አንዷ ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ እመቤት ነበሩ። እኔም የእርሳቸው ወንድም፣ የእርስዎም አጎት መሆኔን በመንግሥት ሥራ መሐል ማንሳት ተገቢ ስላልሆነ አላነሣውም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በመጪው እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሃርስቤሪ ታውን ግማሽ ፍጻሜውን ስለሚጫወት፣ ቴሌቪዥኔ እስከ ቅዳሜ ማታ እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ። የማይመለስ ከሆነ አናስቸግርዎትም፤ እኛ ወደ እሱ እንመጣለን። አርባችንም በርጩማችንን ተሸክመን፣ ከውሰርም ሻይዋን ይዛ፣ በጽሕፈት ቤትዎ በረንዳ ላይ በሰላም እንቀመጣለን። ስብሰባ ነው ካሉ ስብሰባ ይሁን፤ አጀንዳው ዘጠና ደቂቃ ነው። አስነሧቸው ካሉም በፊት ረድፍ ላይ ያሉትን ሴትዮ አስቀድመው ያስነሡ፤ ዘጠኝ ወር ተሸክመውዎታል።

በፈጣን አገልግሎትዎ ዘወትር የምደነቅ፣ በአጥርዎም ላይ ጆሮዬን መጣል የለመድሁ፣ ታዛዥ የመሆን ሐሳብ ግን የሌለኝ፣

ዘሩ፣ የሃርስቤሪ ታውን ደጋፊዎች ሊቀመንበር፣ ዋርካው ማዞሪያ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ እመቤት፣ እንዲነበብላቸው

ማስታወሻ፦ ይህቺ ለአስተዳዳሪው ሳትሆን ለእህቴ ልጅ ናት። ልጄ፣ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኸው በእኔ ትከሻ ላይ ሆነህ ነውና አንድ ነገር ልምከርህ። ሚሊሻዎችህ ቴሌቪዥኑን ሲወስዱ ሪሞቱን ኪሴ ውስጥ ረስተውታል። ከመስኮትህ ውጭ ሆኖም በደንብ ይሠራል። ባለፈው ረቡዕ ዜና ስታይ ቴሌቪዥኑ ሦስት ጊዜ የጠፋብህ መብራት ሄዶ አልነበረም። እሑድ ቢሮህን ቆልፈህ ለብቻህ ልታይ ካሰብህ፣ ሰማንያ ዘጠነኛዋ ደቂቃ ላይ ጣቴ የት እንደሚሆን አስብበት።