ስለ ተዘለለው ብሩጎና ስለ ምዕራፍ ዐሥራ ዘጠኝ

ለክቡር ጓድ ኤቤሊዮ ሪቬሮን
የሲጋር ፋብሪካችን አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ጓድ አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ ለጓድ ሚርታ፣ እንዲሁም በሕንጻችን ውስጥ ብቸኛ ለሆነው ለቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ታች ሆነን ሲጋር የምንጠቀልለው መቶ አርባ ሠራተኞችም ደህና ነን። ከፋሲካ ጀምሮ የቆመው ቬንትሌተርም እንደ ቆመ ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ በትሕትና እገልጻለሁ። ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላኛለች። በሦስተኛው ቀን ስብሰባው ሲያንኮራፋ በበሩ ስንጥቅ ስለ ሰማሁ፣ እንዲህ ያለውን ከባድ የሥራ ጫና ላለማቋረጥ ስል ሰሌዳውን መረጥሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ላቅርብ። በሥራ ሰዓት ስለሚነበብልን መጽሐፍ እንደ እርስዎ የተጨነቀ አስተዳዳሪ አላየንም። የቀድሞዎቹ ደህና የሚሳብ ሲጋር ካገኙ ይበቃቸው ነበር። ከአያቶቻችን ጀምሮ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ ልብ ወለድ ይነበብልናል፤ መጽሐፉን የምንመርጠው እኛው እጅ አውጥተን ነው፤ የወደድነው ቦታ ሲደርስ ቅጠል በምንቆርጥበት ቢላ ጠረጴዛውን እንቀጠቅጣለን፤ ካልወደድነው ቢላውን ወለል ላይ እንጥላለን። ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ድፍረት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎኔ፣ ጠረጴዛ ቁጥር ሃያ ስምንት ላይ ተቀምጠው ሲቀጠቅጡ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ባለ ስድስት ቅጹን የአልሜርን ታሪክ ስንመርጥም መጀመሪያ የወጣው እጅ የእርስዎ ነበር። የእኔ ሁለተኛ ነበር። የእኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነበር።

ሰሌዳውን ለሚያነቡ እንግዶች ያህል፦ አልሜር ሰይፍ ያለው ነው። ብሩጎ ጋሻውን የሚሸከምለት ጓደኛው ነው። በመጀመሪያው ቅጽ ብሩጎ ከበቅሎ አራት ጊዜ ይወድቃል፤ አልሜር ያለውን ሁሉ «እሺ» ይላል። ጠረጴዛ ሠላሳ ላይ ያለችው አሮጊቷ ኢሉሚናዳ በቅጠል ቁራጭ እየቆጠረች ስልሳ አንድ «እሺ» አግኝታለች። ክቡርነትዎ ያን ጊዜ እንባዎ እስኪወርድ እየሳቁ፣ «ፕላሲ፣ ይሄ ሰውዬ አንተን ነው የሚመስለው» ይሉኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ምን እንደ መለስሁ አላስታውስም። «እሺ» ሳልል አልቀርም።

የመጀመሪያው ቅጽ ሳያልቅ ለአስተዳደር ኮርስ ወደ ሃቫና ሄዱ። «ሁለት ሳምንት ነው፣ ቦታዬን ጠብቅልኝ» አሉኝ። ስምንት ወር ጠበቅሁ፤ ሰው እንዳይቀመጥበት ኮቴን አስቀምጥበት ነበር። ሲመለሱ በዋናው በር ገቡ፤ እጄን ጨብጠው «ጓድ ማርሬሮ» አሉኝ። ስሜን እስከ ቤተሰብ ስሜ ድረስ ማስታወስዎ አስደነቀኝ።

በእነዚያ ስምንት ወራት ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጽ ተነበበ። ብሩጎ በአልሜር ጥፋት ተገርፎ ዝም አለ። ከዚያ አልሜር ጎርም በምትባል ከተማ «ሦስት ቀን ጠብቀኝ» ብሎ ትቶት ሄደ። ይህን ክቡርነትዎ አልሰሙም። ስለዚህ ቅሬታዬን የማቀርበው፣ እርስዎ የሚያውቁት ከበቅሎ የሚወድቀውን ብሩጎ ብቻ መሆኑን ከግምት አስገብቼ ነው።

አንደኛ፦ በሚያዝያ የወጣው መመሪያዎ «ምርትን ለማፋጠን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ የማይገኝባቸው ምዕራፎች አይነበቡም» ይላል። ስለ ግልጽነቱ እናመሰግናለን። አራተኛው ቅጽ ሠላሳ አንድ ምዕራፍ ነበረው፤ ዘጠኙ ደረሰን። በዘጠኙ ውስጥ አልሜር ከደሴት ደሴት ይዞራል፣ ከአንዲት ልዕልት ጋር ይተዋወቃል፣ ስድስት ጊዜ ገላውን ይታጠባል። በዚያ ሰሞን ከመካከላችን በቧንቧው ውሃ የመጣለት ሰው ስላልነበረ፣ ገብቶ በወጣ ቁጥር በታላቅ አክብሮት አዳመጥነው።

ሁለተኛ፦ የጆሮው ጉዳይ። አምስተኛው ቅጽ ሲጀመር ብሩጎ ድልድይ ላይ ቆሞ አራት መቶ ሰው ያዛል፤ አንድ ጆሮ የለውም። አንባቢያችን ዙሌማ ይህን ስታነብ ሁላችንም ከቅጠላችን ቀና አልን።

«የቱ ብሩጎ?» አለ ከኋላ ረድፍ የሚጠቀልለው ሪጎ።

«ያው ብሩጎ ነዋ» አሉት።

«ያ ከበቅሎ የሚወድቀው? አራት መቶ ሰው? እሱ እኔን እንኳ ማዘዝ አይችልም።»

«አንተንማ ሚስትህም አልቻለችም» አለችው ኢሉሚናዳ። «እኔን የገረመኝ ጆሮው ነው። ጆሮ ዝም ብሎ አይጠፋም።»

«ዙሌማ፣ እታለም፣ ገጽ ተጣብቆብሽ እንዳይሆን» አለ ሪጎ።

«ገጽ አልተጣበቀብኝም» አለች ዙሌማ ከመድረኩ። «መመሪያ ነው የተጣበቀብኝ።»

ከዚያ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ብሩጎ ሞቶ ጠንቋይ በመልኩ መጥቷል አለ። ግማሹ ብሩጎ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ አለ። ሪጎ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ስለ ሁለተኛው ብሩጎ እናት ሲያስረዳ ሄደ። ሰውየው አድጎ ይሆናል ያለ አንድም አልነበረም። እኔም አላልሁም። ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት ነስቶኛል።

ሦስተኛ፦ እየተከራከረ የሚጠቀልል እጅ ያጠብቃል፤ ከልክ በላይ የተጠቀጠቀ ሲጋር ደግሞ ጭስ አይሳብበትም። ይህን ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ የጠቀለሏቸውን ተቆጣጣሪው ሳይመጣ እየፈታሁ ደግሜ የጠቀለልሁልዎ እኔ ነኝ። በጆሮው ሳምንት ሦስት መቶ አርባ የማይሳብ ሲጋር ተመለሰልን። መመሪያው ምርቱን እንደሚያፋጥን እንጂ ወደ የት እንደሚያፋጥነው ስላልገለጸ ቅር አልተሰኘንም።

አራተኛ፦ ይህ ነጥብ ክቡርነትዎ ዋና ገጸ ባሕርይ ስላልሆኑበት በመመሪያዎ መሠረት ተዘልሏል።

አምስተኛ፦ በአንባቢያችን ፈንታ ስለ ተተከለልን ድምፅ ማጉያ። ስለ ቲማቲም ተባይ የሚሰጠውን ትምህርት አሁን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፤ ኢሉሚናዳ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ስታስተምር ልጇ ሰምታታለች። ስለዚህ...

አልቻልሁም። አራተኛውን ሳልናገር አምስተኛው ትርጉም የለውም። ዙሌማ የት እንደ ሄደች የማያውቅ ሰው ድምፅ ማጉያው ለምን እንደ ተተከለ አያውቅም። ተመልሼ ላንብበው።

አራተኛ፣ በድጋሚ፦ አራተኛውን ቅጽ ከዙሌማ ተውሼ እሑድ ዕለት በረንዳዬ ላይ የተዘለለውን ሁሉ አነበብሁ። ብሩጎ ሦስት ቀን ጠበቀ። ከዚያ ሦስት ወር። ጎርም በጠላት ተከበበች። ባሏ የሞተባት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ፊደል አስቆጠረችው። የውሃ ሰልፍ የሚያስከብር ሰው ሲጠፋ እሱ አስከበረ፤ ጆሮውንም ያጣው በሰይፍ አይደለም፣ ተራዋ ባልደረሰ ሴትዮ ባልዲ ነው። የሞቱትን ቀበረ። በቅሎውን አርዶ አከፋፈለ፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ምዕራፍ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ የአልሜር መልእክተኛ ቀለበቱን ይዞ ይመጣል። አልሜር የጎርምን የውሃ ጕድጓድ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ዘንዶ ይገድላል፤ ከተነሣ ግን የከተማዋ ውሃ ይደርቃል። ብሩጎ «አይሆንም» ይላል። አንድ ቃል ነው።

ሰኞ በምሳ ሰልፍ ላይ ዙሌማን አገኘኋት።

«ዐሥራ ዘጠኝን አንብቢልን» አልኋት።

«አብደሃል? እኔ የዓመት ኮንትራት ነኝ እኮ።»

«ሰው ሁሉ ጠንቋይ ነው እያለ ነው።»

«ማን አዘዘሽ ቢሉኝስ?»

«እኔ ነኝ እላለሁ። የንባብ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ አይደለሁ?»

«አንተ?» ብላ ሳቀች። «ፕላሲዶ፣ አንተ እኮ ባቄላ ጨምሩልኝ ማለት እንኳ የምታፍር ሰው ነህ።»

ማክሰኞ አነበበች። ባልዲው ጋ ስትደርስ ኢሉሚናዳ «ይኸው ጆሮው» ብላ በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። ሪጎ ሁለተኛውን ብሩጎ ረስቶ በቢላው ጠረጴዛውን ቀጠቀጠ። መልእክተኛው ቀለበቱን አውጥቶ ድንጋዩን ሲጠይቅ ማይክራፎኑ ተዘጋ። ክቡርነትዎ ደረጃውን ወርደው መጡ።

«ማን አዘዘሽ?» አሏት።

ወደ እኔ አላየችም። ብታይ ይሻለኝ ነበር። እኔ ፊቴ ያለውን ቅጠል አየሁ። ቀጭን፣ ጅማቱ የተስተካከለ፣ ለሲጋር የውጭ መሸፈኛ የሚሆን ግሩም ቅጠል ነበር። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ቅጠል እንደዚያ አስተውዬ አላውቅም።

«በራሴ ነው» አለች።

አሁን ምድር ቤት ተቀምጣ ከቅጠል ላይ ጅማት ትነቅላለች። አቧራው ጉሮሮዋን እየዘጋው ነው። አዳራሹም ብሩጎ ለመልእክተኛው ምን እንደ መለሰ እስከ ዛሬ አልሰማም።

ሐሙስ ዕለት ክቡርነትዎ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ፤ ከሃቫና ከተመለሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ፕላሲ» አሉኝ። ስሜ ድንገት አጠረ። «ሠራተኛው ንባቡ ይቅር ብሏል የምትል ወረቀት ናት። የኮሚቴው ፊርማ ብቻ ነው የጎደላት። የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ በስብሰባው አቅርቤ የአንባቢውን የሥራ መደብ እንዘጋዋለን። በል እንግዲህ፣ በድሮው ወዳጅነታችን።» ሦስት ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም «እሺ» አልሁ።

ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ወረቀቶቹን እያወጣሁ መልሼ አስገባለሁ። በአንድ በኩል ጓደኛዬ ነዎት ብዬ አስባለሁ። በሌላ በኩል ጓደኛ ማለት ምን እንደሆነ በሃምሳ አራት ዓመቴ ከጠንቋይና ከዘንዶ መጽሐፍ መማሬ ያሳፍረኛል። ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሰማሁት። ምናልባት ታሪኩ በእርግጥም የአልሜር ብቻ ነው።

ክቡር ጓድ አስተዳዳሪ፣ «እሺ» ያልሁትን አንስቻለሁ። አይሆንም። ኤቤ፣ አይሆንም። ሠራተኛው ንባብ ይቅር አላለም፤ አንተም ታውቃለህ። ዙሌማን ያዘዝኋት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አፌ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። ቅጣት ካለ ምድር ቤቱን ለእኔ ስጡኝ፤ እሷ ወደ ወንበሯ ትመለስ። ከላይ «አንተ» ያልሁበትን ክቡርነትዎ «እርስዎ» ብለው አርመው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል፤ ባያርሙትም ደስ ይለኛል።

አምስተኛው ቅጽ በእንጥልጥል ቀርቷል፤ ስድስተኛውን ገና አልጀመርነውም። አልሜር ይንገሥ አይንገሥ ብዙ አላሳሰበኝም። ብሩጎ እምቢ ካለው በኋላ ሁለቱ አብረው እራት ይበሉ እንደሆነ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። መጽሐፉ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አልገለጥሁትም። ዙሌማ እስክታነብልን እጠብቃለሁ። መጠበቅ እችልበታለሁ።

ከወንበርዎ ከፍታ፣ ከመስኮትዎ ስፋትና ከአየር ማቀዝቀዣዎ ምቾት እጅግ ዝቅ ብዬ፣ ለጥ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከማጎንበሴም ግማሹ አክብሮት ግማሹ የወገብ ሕመም መሆኑን ሳልሸሽግ፣

ፕላሲዶ ማርሬሮ
የንባብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጠረጴዛ ቁጥር ሃያ ሰባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአገራችን ወረቀት እንደሚቸግር ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት እንድፈርምባቸው በሰጡኝ በሦስቱ ቅጂዎች ጀርባ ላይ ነው። ስለ ወረቀቱ ጥራት አመሰግናለሁ፤ ቀለም አያሳልፍም። ለዓርቡ ስብሰባ ካስፈለጉዎ ሙጫው ጠንካራ ነውና ቀስ ብለው ያላቅቋቸው። ፊርማዬን በዚህኛው በኩል ያገኙታል።