አሳ በልተው የተላኩ ሽማግሌዎች

ምሥጋናዬ፣ አርባ ምንጭ ከመጣሽ አሳ ቤት ሳትገቢ እንዳትመለሺ፤ ሽማግሌ ይዘሽ ግን አትግቢ።

ለወንድሜ ለጌታነህ ሚስት ሊጠይቁ ወደ ዶርዜ የተላኩት ሦስት ሽማግሌዎቻችን «ለመቅመስ ያህል» ብለው ሐይቁ አጠገብ ወረዱ። እኛ ሰፈር አሳ ማለት ዱቄት የለበሰ አጥንት ነው። እዚህ ሙሉው ተጠብሶ፣ ዳጣ ከሚሉት የሚያቃጥል ማባያ ጋር ይመጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ሀብተሚካኤል አራተኛውን አሳ ሲያዝዙ፣ ፎቶ ላነሣ አብሬያቸው የሄድኩት እኔ «የልጅቷ ቤት እኮ ምሳ ሠርተው ይጠብቁናል» አልኳቸው።

«አንቺ ፎቶሽን አንሺ» አሉኝ።

ዶርዜ ስንደርስ ቆጮው፣ ቅቤው፣ ማሩ ተደርድሯል። አልበላም ማለት ንቀት ነው፤ ጋብቻው ገና ሳይጠየቅ ሊፈርስ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም» አሉ። መቀመጡንማ ቢሞክሩትም አይችሉም ነበር።

የልጅቷ አባት አቶ ወልደሥላሴ በጣም ተደነቁ። «የዛሬ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያየው ሌማቱን ነው። እናንተ ግን የድሮ ሰው ናችሁ። ሌላ ቀን ተመለሱ ልላችሁ ነበር፤ ተውኩት። አርሴማን ሰጥተናችኋል።»

ጌታነህ በስልክ ሲሰማ አለቀሰ። ጋሼም ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ምክንያቱም አቶ ወልደሥላሴ ቡጢ የሚያህል የቆጮ ጉርሻ ይዘው «እንግዲህ ዘመዴ፣ አሁን ምን ምክንያት አለህ?» እያሉ ተጠግተዋቸው ነበር። ሦስት ጊዜ አጎረሷቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላ፣ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ነው። እናትሽን ሳሚልኝ። የጋሼን ባለቤት እትዬ ሻሺቱን ካገኘሻቸው፣ ለሠርጉ ሰፋ ያለ ሱሪ ያሰፉላቸው በያቸው።

ያንቺዋ ኢያኤል