በጓዳዬ የተቆፈረው ጉድጓድ

ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ዛሬም እንደ ወትሮው። ጠዋት ልጆቹ መጡ፤ ወይራው ሥር ተኮልኩለው ፊደል ጮኹ፤ ሄዱ። ከአምናዎቹ ግማሹ እንኳ የሉም። የአንዱ አባት «ከብት ይጠብቅ» ብሎ አስቀርቶታል፤ የሌላው አባት ጫካ ገብቷል፤ የሌላው ደግሞ... እንጃ።

ማርቆስ ከተማ ሳስተምር ደመወዝ ነበረኝ። ጣሊያን ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ የሚስቴ የጥላነሽ አገር ነው ብዬ እዚህ ይጁቤ አጠገብ መጣሁ። እዚህ ደመወዝ የለም። ወላጅ የሚያመጣው ቁና ገብስ ነበር፤ ዘንድሮ እሱም ጠፋ። ጥላነሽ ለምሳ ሽሮ ስታወጣ ድስቱን እስኪጮህ ድረስ ፋቀችው። ዝም ስትል ነው የምታስፈራኝ።

ምን ልሥራ? መሬት የለኝም፤ ሞፈር ጨብጬ አላውቅም። የማውቀው ማስተማርና መጻፍ። መጻፍ ይበላል እንዴ?

ጥቅምት ፲፩

ሁለት ሴቶች ክታብ ጻፍልን ብለው መጡ። ልጆቻቸው ጫካ ናቸው፤ ጥይት እንዳይመታቸው። ደብተራ አይደለሁም ብዬ መለስኳቸው። ጥላነሽ ከበሩ ሆና ትሰማ ኖሯል። «ዶሮ ይዘው ነበር እኮ» አለችኝ።

አይቻታለሁ ዶሮዋን። ቀይ፣ ወፍራም። ግን ጥይት በክታብ እንደማይመለስ እያወቅሁ አንዱ ጎረምሳ አንገት ላይ ላንጠለጥል?... አልጽፍም።

ጥቅምት ፲፱

ቀፎ ሰቅዬ ነበር። ንቡ ገባ ብዬ ደስታዬን ሳልጨርስ ጉንዳን ወረረው። ይኼም ቀረ።

ጥቅምት ፳፬

ማርቆስ ደርሼ መጣሁ። የጣሊያኖቹ ቢሮ በር አጠገብ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የመጣችው ባሏ የታሰረባት ሴት። ጻፍኩላት። ስታለቅስ እኔም ሆዴ ባባ፤ ዋጋ ሳልጠይቃት ሄደች። ሁለተኛ ደንበኛ አልመጣም።

ምንይችልን አገኘሁት፤ አብሮኝ ያስተምር የነበረው። አሁን የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሆኗል። ጫማው ያብረቀርቃል። ለልጆች በጣሊያንኛ መዝሙር የሚያስተምር ሰው እየፈለጉ ነው አለኝ፤ ደመወዝ በየወሩ፣ ጫማም ጭምር። የምን መዝሙር ነው? አልኩት። «የቃሉን ፍቺ ማን ጠየቀህ?» ብሎ ሳቀ።

ላስብበት አልኩት። ለምን ላስብበት አልኩ? እንቢ እንዳልል ምን አፌን ያዘው? መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ጫማ ሳስብ መጣሁ። አፈርኩ።

ኅዳር ፪

ጥላነሽ ቀኑን ሙሉ ትፈትላለች። ፈትሉን ሽማኔው አያ ፈንታ ይገዛታል፤ ጋቢ አድርጎ ይሸጠዋል። ዛሬ እንዝርቷን ሳይ ሳይ ቆየሁና፣ እኔ ራሴ ብሸምነውስ? አልኳት። እንዝርቷ ቆመ።

«ሽማኔ ልትሆን? ቡዳ ነው ብለው ልጆቹን ይወስዱብሃል።»

ሰው ካላየስ? አልኳት። እንዝርቷን መልሳ አሾረች። እንቢ አላለችም።

ኅዳር ፰

አያ ፈንታ ቤት ነበርኩ። መንደሩ ጫፍ፣ ከሰው ተለይቶ። ሸማውን አገሩ ሁሉ ይለብሳል፤ ከቤቱ ግን ውሃ ቀምሶ የሚወጣ የለም። እኔም ዛሬ ነው የቀመስኩ። ምንም አልሆንኩም።

የመጣሁበትን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «የኔታ፣ እኔ ልጆቼን ፊደል አስቆጥሬ ከዚህ የሽማኔ ጉድጓድ ላወጣ ስመኝ፣ እርስዎ ሊገቡበት መጡ?» ተስማማን። እሱ ያስተምረኛል፤ እኔ ማታ ማታ ቤቱ እየሄድኩ ልጆቹን አስተምርለታለሁ። ዛሬ ክር ስበጥስ፣ ስቀጥል፣ ስበጥስ ዋልኩ። እጅዎ ይቸኩላል አለኝ። እውነቱን ነው። እጄም እግሬም ልቤም ይቸኩላል፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ኅዳር ፳፪

ጓዳ ውስጥ ጉድጓዱን ቆፈርኩ። ሽማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ ዳሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራ። በር ዘግተን ነው የቆፈርን። አፈሩን ጥላነሽ በቅርጫት እያወጣች የጎመኑ መደብ ላይ በተነችው። ሰው ከጠየቀ ወለሉን ልንደለድል ነው እንላለን። የመሸመኛውን እንጨት አያ ፈንታ የጭራሮ ሸክም ውስጥ ደብቆ አመጣልኝ። ማንም አላየንም፤ ተመስገን።

ታኅሣሥ ፫

አንድ ነገር አለ... ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ስመጣ ሰው ይነሳልኛል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው፣ እግዜር ይጠብቅህ ልጄ ብለው አልለቅ አሉኝ። ጠዋት ደጃፋችን ላይ ቁና ስንዴ ተቀምጦ አገኘን። ማን አመጣው? ቀርተው የነበሩት ተማሪዎችም ተመለሱ። ምን አድርጌ ነው?

ታኅሣሥ ፯

ጥላነሽ ወንዝ ወርዳ ጉዱን ሰምታ መጣች። ሳቅና ፍርሃት አንድ ላይ ይዟታል።

«ጠመንጃ ቀብሯል ይሉሃል።»

የቆፈርነውን ሰምተዋል፤ አፈሩንም አይተዋል። ጣሊያን መሣሪያ አስረክቡ ብሎ ካወጀ ወዲህ፣ ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ሌላ ምን ሊቀብር? የአርበኞች መሣሪያ ጠባቂ ተደርጌያለሁ! እኔ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ ጆሮዬን የምይዝ!

እውነቱን ንገራቸው አለችኝ። ምን ብዬ? ጠመንጃ አይደለም፣ ሽማኔ ሆኜ ነው ብዬ?... ስንዴውን በላነው። ለራሴ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኛል። በዕድሜዬ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ታኅሣሥ ፳፮

የመጀመሪያው ጋቢዬ አለቀ! አንድ ጠርዙ ላይ ድሩ ተዛንፎብኝ ጠመም ብሏል፤ ከሩቅ ግን አይታይም። አያ ፈንታ የራሱ አስመስሎ ሸጠልኝ። በዋጋው ጤፍ ገዛን። ጥላነሽ እንጀራውን ስታቀርብልኝ፣ ሽማኔው ብላ አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ከልቤ ሳቅኩ።

ግን የመንደራችን ጭቃ ሹም የውበቱ ነገር አላማረኝም። ዛሬ መንገድ ላይ አስቆመኝና ቤትዎ ደህና ነው? አለኝ። ቤተሰብዎ አላለም። ቤትዎ አለ። ጣሊያኖቹ የሰጡትን ቀይ መታጠቂያ ታጥቋል። ልጁ የብርጓል ከተማሪዎቼ ሁሉ ትበልጣለች፤ ዳዊት ጀምራለች። ወንድ ልጅ ስለሌለው፣ የርስቴን ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ናት ይላል። አስተማሪዋን አሳልፎ አይሰጥም ብዬ ነበር። አሁንስ? ወዲያ ማዶ ጠመንጃ ቀብሯል የተባለ ሰው ተሰቀለ ይባላል። እንቅልፍ የለኝም።

ጥር ፲፬

የዛሬውን ልጻፈው።

ጠዋት መጡ። አንድ መኮንን፣ አስካሪ የሚሏቸው ወታደሮች፣ ምንይችል ለማስተርጎም፣ ፊት ፊት ጭቃ ሹም ውበቱ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ከወዲሁ ማልቀስ ጀምረዋል። እኒያ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ጉድጓዱን አሳይ አሉኝ። ከፈትኩላቸው።

ጠመንጃ ፍለጋ ጎንበስ አሉ። ድር፣ ማግ፣ መወርወሪያ። መኮንኑ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በሳቅ ፈረሰ፤ አስካሪዎቹም ሳቁ። ውበቱ ግን አልሳቀም። ከበሩ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀኝ።

«የማን ነው ይኼ?»

የአያ ፈንታ ነው፣ አስቀምጥልኝ ብሎኝ ነው ብል ማን ያውቃል? ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቹን የማስተምርለትን ሰውዬ... ጓዳውን ይፈትሹበታል፣ ይገርፉታል።

«የኔ ነው» አልኩ። «የምሸምነው እኔ ነኝ።»

የሚያለቅሱት ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሽማግሌው መሬቱን እንትፍ አሉና ዞረው ሄዱ። ጠመንጃ ተገኝቶብኝ ብሰቀል ሙሾ ያወርዱልኝ ነበር። ከሞት ተርፌ አዋረድኳቸው መሰለኝ። ምንይችል ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጫማው አሁንም አለ አለኝ።

ጥር ፲፭

ወይራው ሥር ማንም አልመጣም።

ጥር ፲፯

ማንም።

ጥር ፳

ውበቱ ሰው ላከ። ልጁ ከእንግዲህ ሽማኔ እጅ ሥር አትማርም ብሏል። አይ ጊዜ! የጣሊያን መታጠቂያ ወገቡ ላይ አስሮ የሚውለው ንጹሕ፣ በላቤ የማድረው እኔ ቡዳ! ብቻዬን ጓዳ ውስጥ ስሳደብ ዋልኩ። ጥላነሽ ጥጥ እየዳመጠች ሰማችኝ፤ ደጋግሜ አንዱን ስድብ ሳመጣ ግን፣ እሱን ብለኸዋል፣ ሌላ አምጣ አለችኝ።

ከአያ ፈንታ ልጆች ሌላ ተማሪ የለኝም፤ አስተማሪ መሆኔ ቀረ ማለት ነው? የምፈራው እሱን ነው። ረሃቡንስ ጋቢው ያስታግሰዋል። ግን ጠዋት ጠዋት ያ የልጆች ጩኸት ከሌለ... እኔ ማን ነኝ?

የካቲት ፭

ምንይችል መልእክት ላከብኝ። ቦታው እስካሁን ክፍት ነው፤ የመጨረሻ ጥሪው ነው። ጠዋት ለጥላነሽ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ገብቷታል፤ አልከለከለችኝም።

ጨሞጋ ወንዝ ስደርስ ከወዲያ ማዶ አንድ ገበሬ በቅሎውን ውሃ ያጠጣል። ጋቢውን ሳየው... ጠርዙ ጠመም ያለ። የኔ! የመጀመሪያው! ተሻግሬ ቀረብኩት። ጋቢህ ጥሩ ነው አልኩት። ከአያ ፈንታ ነው የገዛሁት፣ ብርድ አያስገባም፣ ጠርዙ ብቻ ትንሽ ጠሟል አለኝ። አዎ፣ እዚያ ላይ ስቶ ነው አልኩት። በመገረም አየኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማርቆስ ከወዲያ ታየኛለች። እዚያ ብሄድ ለልጆች የማስተምራቸው መዝሙር፣ ሲያድጉ የሚያሳፍራቸው ነው። ይኼ ሰውዬ ግን እኔ በሠራሁት ይሞቀዋል። ተነስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጥላነሽ ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ገበያው ምን ነበረው? አለችኝ። ምንም አልኳት። ደስ ሲላት ታስታውቃለች።

መጋቢት ፲፪

አገሩ ተነሳ። አርበኞቹ መንገዱን ዘግተዋል፤ ተኩስ ይሰማል። ወደ ማርቆስ የሚያልፍ የለም፤ ገበያ የለም፤ አቡጀዲ ጨርቅ የለም። ውበቱ ቀይ መታጠቂያውን እሳት ውስጥ ጨመረው አሉ። ለአርበኞቹ ጋቢ እየሠራሁ ነው። እነሱ የላኩት ሰው ጀግኖቹ ብርድ ጨረሳቸው አለኝ። አያ ፈንታ ያለውን አስረክቧል፤ አሁን ሁለታችንም የጥላነሽን ፈትል እንሻማለን።

ወይራው ሥር ግን አሁንም ማንም የለም። ቀኑ ያለፈበት ወይራ፣ ጥላውን ለፍየል ሰጠ።

መጋቢት ፳፬

የውበቱ እናት አረፉ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ውበቱ ራሱ መጣ። በሩን አልረገጠም፤ አጥሩ ጋ ቆመ። ዐይኑ ቀልቷል።

የሚገነዙበት ነጭ ጨርቅ አጥቷል። መንደሩን ዞሯል። አያ ፈንታ ዘንድም ሄዶ ነበር፤ ባዶ ነው። ለዚህ ቀን ብዬ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ፤ ጥር ላይ ያጠናሁት። አንዱም አልመጣልኝ አለ። እናት የሞተችበት ሰው ነው እኮ። ለአርበኞቹ የጨረስኩትን፣ ከሁሉ የጠራውን ሸማ አወጣሁለት። ይኼኛው ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው።

ተቀበለኝ፤ ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ዋጋው?» አለኝ።

«የብርጓልን ይመልሱልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሸማውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሄደ። አዎም አላለ፤ እንቢም አላለ።

ቀብር ሄድኩ። ከኋላ ቆምኩ። እማማ በእኔ ሸማ ተጠቅልለው ወረዱ። አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ እንጃ።

ሚያዝያ ፳፭

ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ስሠራ፣ የኔታ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የብርጓል! ዳዊቷን በነጠላ ጠቅልላለች። አንገቷ ላይ አዲስ ክታብ አለ፤ ቆዳው ገና አልደረቀም፤ ነጭ ሽንኩርትም ታስሮበታል፤ ሽታው ከእሷ ቀድሞ ገባ።

ምንድን ነው እሱ? አልኳት፣ እያወቅሁ።

«ለእርስዎ ዓይን ነው። አባቴ ይኼን ካላሰርሽ አትሄጂም አለኝ።»

ሳታፍር ነው የነገረችኝ። ልቤ ቁስል አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ጥላነሽ ከማጀት ሆና ሳቋን ማፈን አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች።

ልጅቱ ጉድጓዱን አየች፣ ድሩን አየች፣ እኔን አየች። ጉድጓዱ ዳር ቁጭ አለች። ትንሽ አንብባ አፍንጫዋን ያዘችና፣ ይኼ ሽንኩርት አላስነብብ አለኝ ብላ ክታቡን ከአንገቷ አውልቃ መሸመኛው እንጨት ላይ ሰቀለችው። ከዚያ አነበበች። እኔ እወረውራለሁ፤ እሷ ታነባለች። ስትሳሳት መወርወሪያዬን አቆማለሁ፤ አስተካክላ ስትቀጥል እቀጥላለሁ። ዓመቱን ሙሉ አላርፍ ያለው እግሬ ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይቸኩል እየረገጠ ዋለ።

ስትሄድ ክታቡን ከእንጨቱ አውርዳ መልሳ አሰረችው። አባቷ አጥሩ ጋ ቆሞ እየጠበቃት ነው።

ሌሎቹስ፣ አይመጡም? አልኳት።

«ይመጣሉ። ደብተራው የሁሉንም ክታብ ጽፎ እስኪጨርስ ነው።»

ለነገ ከጎረቤት በርጩማ መዋስ አለብኝ።