ውክልናው በእታለም ስም ነው

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ነህልኝ? ወገብህ እንዴት አደረገህ? አሁንም ጎንበስ ካልክ ቀና ማለት ያቅትሃል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እታለምስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ከናፍቆት ሌላ የሚያመኝ የለም። እሱንም ለምጄዋለሁ ልልህ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ልነግርህ ስልኩን አስር ጊዜ አንስቼ አስቀምጫለሁ። አንተ «እሺ እህቴ፣ እንዳልሽ» ስትለኝ ከድምፅህ ውስጥ ቅሬታ ከሰማሁ ሐሳቤን እንደምቀይር ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ። ወደ አገር የምትገባ ልጅ ስላገኘሁ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

ሥራዬ ያው እዚያው ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። አንሶላ እተኩሳለሁ። መስኮት የለንም፤ ውጭ ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ጭቃ የነካው ፎጣ ሲወርድልን ነው። ከፊት ለፊቴ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የምትይዘው የአገራችን ሴት ናት፤ ወሬ ሁሉ ከእሷ ስለሚጀምር ሬዲዮ እንላታለን። ሬዲዮ ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ገብታ ታውቃለች፣ ያውም ሁለቴ። ሁለቴም ስትደርስ የላከችው ሁሉ አልቆ ጠበቃት፤ እንደ እንግዳ ሰንብታ ተመልሳ መጣች። ማንም አልሰረቃትም። ቤት ውስጥ የሚያስፈልግ ነገር መቼም አይጠፋምና ተበላ። አሁን ፀጉሯ ሸብቷል። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ወደ እኔ በቀረበች ቁጥር ፊቷን አየውና እፈራለሁ።

ስለ ሂሳቡ የነገረችኝም እሷ ናት። ከአገር ውጭ ለምንኖር ሰዎች እዚያው አገራችን ባንክ ውስጥ የሚከፈት፣ ገንዘቡ ሳይመነዘር በውጭ ምንዛሪ እንዳለ የሚቀመጥበት ሂሳብ አለ። እኔ እንዲህ ያለው ነገር የባለሀብቶች ይመስለኝ ነበር። ለካስ በትንሽ ገንዘብ ይከፈታል፤ በየወሩ የሚቆርጡትም የለም። ፓስፖርቴንና የሥራ ፈቃዴን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ከዚያ የባንኩ ሠራተኛ መልኬን አይቶ ሊያረጋግጥ በቪዲዮ ደወለ። የምሳ ሰዓት ነበርና በተሰቀሉት አንሶላዎች መሃል ገብቼ አነሳሁት። ገና ሲያየኝ «እህቴ፣ ሆስፒታል ተኝተሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ሬዲዮ ከአንሶላው ጀርባ ሳቋ አመለጣት።

ሰውየው ትሁት ነው። ሂሳቡ ነዋሪ ላልሆኑ ዜጎች ነው አለኝ። እዚህም ፈቃዴን ላሳድስ በሄድኩ ቁጥር ነዋሪ አይደለሽም ይሉኛል። ታዲያ እኔ የት ነው የምኖረው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ፣ እዚህ ሆኖ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስልሽ ወኪል ማን ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። የእታለምን ስም ሰጠሁት። ምንሽ ናት አለኝ፤ የወንድሜ ሚስት አልኩት። ወንድምሽ በሕይወት የለም እንዴ አለኝ። ዕድሜ ይስጠውና አለ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ስሟን መዘገበ።

ወንድም ጋሼ፣ አሁን ፊትህ ይታየኛል። እርሳሱን ከጆሮህ ላይ አውርደህ መልሰህ ሰክተኸዋል። ታላቅ ወንድሟ እያለሁ እንዴት ለሚስቴ፣ ሰውስ ምን ይለኛል ትላለህ። ብታኮርፍ አልፈርድብህም። ግን ስማኝ።

አንተ ሆደ ቡቡ ነህ። ሰው ደጅህ ቆሞ ዓይኑን ካሸ ኪስህ የእሱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አልሰማህ ይሆናል እንጂ ሠፈሩ «ወለድ የማይጠይቀው ባንክ» ነው የሚልህ። ለእማዬ ክፍል ጣሪያ የላክሁት ለአጎታችን መኪና ጎማ ሆነ። ጎማው ተገዛ፤ መኪናው ግን ዛሬም ድንጋይ ላይ ቆሟል አሉ። በእማዬ ክፍልም ባልዲው ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አልተነሳም። ቂም ይዤ አይደለም። አንተ እምቢ ማለት ብታውቅ ኖሮ ያኔ እኔንም እምቢ ትለኝ ነበር። ልሂድ ብዬ ሳለቅስብህ የኤሌክትሪክ መጋዝህን ሸጠህ ላክኸኝ። ለሰው ሁሉ ተበላሽቶብኝ ነው አልክ። ይኸው እስከ ዛሬ ሣንቃውን በእጅ መጋዝ ትገዘግዛለህ። ወገብህን ያመመህም ከዚያ ወዲህ ነው፤ አላወቅሁም ብለህ እንዳታስብ።

እታለም ግን ሌላ ናት። ቋጣሪ እያልን ስንስቅባት የኖርን፣ ሳሙና ለሁለት ቆርጣ ግማሹን የምትደብቅ፣ የጎበጠ ምስማር ከሥራ ቤትህ ወለል ለቅማ፣ አቃንታ መልሳ የምትሰጥህ ሴት ናት። ለመሄድ የአንተ ቸርነት አስፈለገኝ፤ ለመመለስ የእሷ ቁጠባ ነው የሚያስፈልገኝ። መመለስ እፈልጋለሁ ወንድም ጋሼ። ከሥራ ቤትህ ጎን ባለችው ክፍል በሂሳቡ በሚጠራቀመው የስፌት መኪና ገዝቼ ተክዬ፣ የመዶሻህን ድምፅ እየሰማሁ መሥራት እፈልጋለሁ። ለእማዬ መድኃኒትና ለቤት ወጪ የምልከው እንደ ወትሮው በአንተ ስም ይመጣል። በዚያ አንተ እንደፈለግህ እዘዝበት።

የውክልናው ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። እታለም ራሷ ቀርባ ካልፈረመች ሂሳቡ አይንቀሳቀስም። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል፤ ባንክ ገብታም አታውቅም። ብቻሽን ሂጂ ብትላት በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ አንዴ ካያት ይበቃታል፣ ትመለሳለች። አንተ ይዘሃት ሂድ። መታወቂያዋን አሳድስላት፤ አብረሃት ተሰለፍ፤ ስትፈርም አጠገቧ ቁም። አንተን አልፌ ሳበቃ መልሼ አንተኑ መለመኔ ከብዶኛል። ባትወስዳት ማንም አያውቅብህም፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠይቅህም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለትልቋ ልጅህ፣ የጠየቀችኝን ጫማ ይህችው ደብዳቤ ያመጣችው ልጅ ይዛላታለች በላት። ትንሹን፣ ያገኘውን ሁሉ የሚጨርሰውን አንበጣችንን፣ ጉንጩን ሳምልኝ። አጎታችንንም ሰላም በልልኝ፤ ስለ ጎማው ምንም አላልኩም።

ለእታለም ሰላምታዬን ከአንድ ትእዛዝ ጋር አድርስልኝ። ከሂሳቡ መጀመሪያ የሚወጣው ለኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። እሷ ትግዛውና ሥራ ቤትህ ውስጥ ታስቀምጠው፤ ደረሰኙ ግን በእሷ ስም ይሁን። በአንተ ስም ከሆነ፣ ልሂድ ብሎ ለሚያለቅስብህ ለሚቀጥለው ሰው ትሸጠዋለህ።

ታናሽ እህትህ

ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከአንሶላዎቹ መሃል
ኅዳር ፱ ቀን