በረዶ አላስረግጣትም

ጀናዮ 11፣ ቅዳሜ፣ ከእራት በኋላ

የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎቹን ሰም ቀብቼ ጨረስኩ። ጋራዡ ይበርዳል። የካውያው ሽታ ጸጉሬ ውስጥ ገብቷል። የፌዴሪካንም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ፈተና አለብኝ ብላ ወጣች። ፈተና የለባትም። ቫ ቤኔ፣ ይሁን።

ነገ ቴርሚኒሎ ተራራ። ትልቁ ስላሎም፤ በሮች በምንላቸው ምሰሶዎች መሀል እየተጠማዘዙ መውረድ። ባለፈው አራተኛ ወጣሁ። ነገና ከዚያ በኋላ ባለው ውድድር ከሦስቱ አንዷ ከሆንኩ አሠልጣኛችን ብሩኖ በማርሶ ወር ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶሎሚቲ ይወስደኛል። አልጓጓሁም። ብጓጓ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደብተር፣ በአማርኛ የምጽፍሽ በፌ. ምክንያት ነው። (ፌዴሪካን ከእንግዲህ እንዲህ አሳጥራታለሁ። የወሮቹን ስም ብቻ በጣልያንኛ ተውኩት፤ ጀናዮ ማለት ጃንዋሪ።) ለልምምድ ስንወጣ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። እማዬ የምትሠራው እነሱ ቤት ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከጣሪያው ሥር ባለችው ክፍል እንኖራለን። ፌ. ትንሽ ሳለች ብቻዬን ስኪ አልማርም ብላ ስላለቀሰች እኔም ተማርኩ። አሁን እቀድማታለሁ። ይህን ማንም አያነሳም።

እማዬ የውድድር ልብሴን ልትተኩስ ነበር። ይቀልጣል ብዬ ነጠቅኳት። ውድድሬን አንድም ቀን መጥታ አይታ አታውቅም። እኔም መጥተሽ እዪ ብያት አላውቅም።

ጀናዮ 12፣ እሑድ

ሦስተኛ። ፌ. ከኋላ። ስንመለስ አባቷ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ነዳ። እንቅልፍ።

ጀናዮ 16፣ ሐሙስ

የእማዬ የዕረፍት ከሰዓት። የአገራችን ሰዎች በሚገናኙበት በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ከጓደኞቿ ጋር ልትቀመጥ ለብሳ ሳለ ስልክ ተደወለ። አዲስ አበባ። እትዬ ጽጌ፣ ታላቅ እህቷ። ግርማ ሆስፒታል ገባ አለቻት።

ግርማ ታናሻቸው ነው። መምህር። እማዬ ምን አመመው አላለችም፣ የትኛው ሆስፒታልም አላለች። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ስልክ ሆስፒታል ማለት እስር ቤት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ሰው ይሰማል ብለው ስለሚፈሩ እንዲህ ነው የሚያወሩት። እማዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሳ ይበላል ወይ? ይበላል ተባለች። የሚወስዱለትን ምግብ ዘበኞቹ ይቀበላሉ ማለት ነው። ከተቀበሉ በሕይወት አለ።

ስልኩን ዘጋች። ኮቷን አውልቃ የሲኞራን (የፌ. እናት) የብር ሹካዎች ማጽዳት ጀመረች። ዛሬ ዕረፍትሽ ነው አልኳት። አልሰማችኝም።

አጎቴን የማውቀው በትከሻው ነው። ተሸክሞኝ ሲሄድ አናቱን ይዤ ነበር። ፊቱን ከፎቶግራፍ ነው የማስታውሰው። ማዘን እንዳለብኝ ይሰማኛል። ይህ ማዘን መሆኑን እንጃ።

ጀናዮ 26፣ እሑድ፣ ሪየቲ

የእውነቱ ሆስፒታል፣ ከተራራው ሥር ባለው ከተማ። እጄ ደህና ነው፣ እጽፋለሁ።

ሁለተኛው ዙር። በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ነበርኩ። በረዶው መስታወት ሆኗል፣ ስኪው አይነክሰውም። እስከ ታች ጥሩ ወረድኩ። ከማለቂያው በፊት ባለው በር ላይ የግራ ስኪዬ ተያዘ፤ እኔ ሄድኩ፣ ጉልበቴ እዚያው ቀረ። ድምፁን ሰማሁ። ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው። ብሩኖ እየሮጠ መጣ። ጓንቱን አውልቆ እጄን ያዘኝ። የፈራሁት ያኔ ነው፤ ብሩኖ የማንንም እጅ አይዝም።

ዶ/ሩ፦ የጉልበት የጎን ጅማት። ተቀዷል። ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። ጄሶ፣ እስከ ማርሶ። ስለዚህ ዶሎሚቲ የለም። ፌ. አለቀሰች፣ ሳባብላት ቆየሁ። እኔ አላለቀስኩም። ጣሪያው ላይ የእርጥበት ምልክት አለ፤ እሱን አያለሁ።

ጀናዮ 27፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ዓይኔን ስገልጥ እማዬ አለች። ከቲቡርቲና መናኸሪያ ብቻዋን አውቶቡስ ይዛ መጣች። ይህን መንገድ ሄዳው አታውቅም። ጫማዋ የቤት ጫማ ነው፣ ርሷል። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም። ጄሶው ላይ መዳፏን አሳርፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ቅዱስ እስጢፋኖስን ስትጠራ ሰማሁ። እንደገና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፌብራዮ 13፣ ሐሙስ

ሁሉም ቀን አንድ ነው። አልጋ፣ መስኮት፣ ጣሪያዎች። ጄሶው ውስጥ ያሳክከኛል፤ በሹራብ መሥሪያ ዘንግ እፎክታለሁ። ፌ. መጽሔት አምጥታ አልጋዬ ጫፍ ትቀመጣለች። ውድድር እንዳቆመች ነገረችኝ። መጀመሪያም አልወደውም ነበር አለች። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን ይተኛል። ብሩኖ ደወለ፤ ጭኔን እያጠበቅኩ እንድለቅ አዘዘኝ፣ ጄሶው ውስጥም ቢሆን። አደርገዋለሁ። ሌላ የምሠራው የለኝም።

እትዬ ጽጌ ደወለች። ምሳ ይበላል።

ማርሶ 13፣ ሐሙስ

ጄሶው ማክሰኞ ወለቀ። እግሬ የሌላ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ቆዳው ደርቆ ይረግፋል። ሐኪሙ ጅማቱ በደንብ ገጥሟል አለ። ፊዚዮተራፒስቷ ጉልበቴን ስታጥፈው አብሬያት ቆጠርኩ፣ እንዳልጮህ።

ዛሬ እማዬ በምርኩዝ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወሰደችኝ። ጓደኞቿ እንዲያዩኝ ነው። እትዬ አልማዝ፣ እሷም ሰው ቤት የምትሠራ፣ ጉንጬን ሳመችና ለእማዬ፣ አሎራ፣ እንግዲህ ስለትሽ ግማሹ ደረሰልሽ አለቻት። የምን ስለት አልኩ። ሁሉም ብርጭቋቸውን አዩ።

መንገድ ላይ ጠየቅኳት። አልደበቀችኝም።

“‘ልጄን በእግሯ አቁምልኝ፣ ግርማንም አስፈታልኝ፤ እኔም ዳግመኛ በረዶ አላስረግጣትም’ ነው ያልኩት። ሪየቲ፣ ያን ለት።”

“እኔን ሳትጠይቂኝ?”

“ተኝተሽ ነበር።”

ምርኩዙን ልትይዝልኝ ስትል እንቢ አልኩ።

ማርሶ 20፣ ሐሙስ

ለእማዬ አዎ እና አይ ብቻ እመልሳለሁ። አላስተዋለችም፤ ወይም አስተውላለች። ሁዳዴ ገብቷል። ጾሙን እንደ ወትሮው አይደለም የያዘችው፣ እስከ ማታ ውሃም አትቀምስም። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች።

በእኔ እግር አጎቴን ታስፈታለች። አስቂኝ ነው። አይደለም፣ አስቂኝ አይደለም። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጉልበቴ ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል። ምርኩዝ ተውኩ።

አፕሪሌ 3፣ ሐሙስ

ብቻዬን ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባ ተክሌ የእማዬ የንስሐ አባት ናቸው፤ ሐሙስ እዚያ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ውጭ ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስኪ ምን እንደሆነም አስረዳኋቸው። ስንት ሰው ይሞትበታል ብለው ጠየቁኝ። ጥቂት አልኳቸው።

ስለቱ የእናትሽ ነው፣ አንቺን አያስርሽም፤ እሷንም ቢሆን መጥታ ከጠየቀችኝ እፈታታለሁ፣ በሌላ ይለወጥላታል አሉኝ። ካልመጣች ግን ቤቷ ድረስ ሄጄ አላስገድዳትም አሉ። ከዚያ ስለ ግርማ ጠየቁኝ። የእሳቸውም ወንድም “ሆስፒታል” ነው። በዚያው ቃል ነው የነገሩኝ፣ እዚህ ማንም ሳይሰማን።

አፕሪሌ 6፣ እሑድ

ነገርኳት። አባ ከስለቱ ይፈቱሻል አልኳት። ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

“አባስ እኔን ይፈቱኛል። ግርማን የሚፈታልኝ ማነው?”

ድንቹን አብሬያት ላጥኩ።

አፕሪሌ 19፣ ቅዳሜ

ካምፖ ኢምፔራቶሬ። ከሌሎቹ ተራሮች በረዶ ሲያልቅ እዚያ ይቆያል። ሐኪሙ ቀስ ብለሽ ሞክሪ ብሎኛል። ብሩኖ በመኪናው ወሰደኝ። ለእማዬ ከፌ. ጋር አጠናለሁ አልኳት።

በር የለም፣ ሰዓት የለም። ሰፊ መታጠፊያ ብቻ። መጀመሪያ ቀኝ እግሬ ላይ ብቻ ተደገፍኩ። ብሩኖ ከኋላ፣ ግራሽም የአንቺ ነው አለ። ተደገፍኩበት። ያዘኝ። ታች ስደርስ እግሮቼ ይንቀጠቀጣሉ። እንደገና ወጣሁ።

ደብተር፣ ደስ ብሎኛል። ይህን ጽፌ ልለፈው።

አፕሪሌ 20፣ እሑድ

ቁርስ ላይ እማዬ ፊቴን አየችኝ። ፀሐይና በረዶው ጉንጬን አቃጥለውታል፣ መነጽሩ የሸፈነው ብቻ ቀርቷል። መዋሸት አያስፈልግም። ተነሥታ ሄደች። ቫዝሊን ይዛ ተመለሰችና ጉንጬን ቀባችኝ፣ አፍንጫዬንም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አፕሪሌ 24፣ ሐሙስ

እትዬ ጽጌ ደወለች። ምሳ አይበላም። የወሰደችለትን ሳህን እንዳለ መለሱላት፣ ሌላ ጊዜ አታምጪ አሏት። የት እንዳለ ማንም አልነገራትም። የመለሱባት ሰኞ ነው።

እኔ የወረድኩት ቅዳሜ።

እማዬ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሲኞራ ውሃ አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ በክት ልብሷ እንዳለች። እማዬ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አላየችኝም። በቃኝ።

አፕሪሌ 25፣ አርብ

አይገናኝም። አጎቴን ያሰሩት ከመውደቄ በፊት ነው። ሳህኑን የመለሰ ዘበኛ ስለ እኔ አያውቅም። አይገናኝም። ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ይህን ስል ዋልኩ። ስኪዎቹን ጋራዡ ውስጥ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አስገባኋቸው።

ማጆ 4፣ ፋሲካ

እማዬ ቤተ ክርስቲያን አደረች። እኔም አብሬ። ሌሊቱን ስንቆም ጉልበቴን አመመኝ፣ አልተቀመጥኩም። እንኳን አደረሰሽ አለችኝ። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ረጅሙ ንግግራችን።

ማጆ 11፣ እሑድ

ስልክ። ሌላ ሆስፒታል አዛውረውታል! ከከተማ ወጣ ያለ። እትዬ ጽጌ አግኝታዋለች፣ በሩቁ። ከስቷል። ምሳ ይበላል። የተመለሰው ሳህን በዝውውሩ ምክንያት ነበር፤ በዚያ ሳምንት የብዙ ሰው ሳህን ተመልሷል።

እማዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላም አልለቀቀችውም። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከወደቅሁ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም።

ማጆ 15፣ ሐሙስ

ዛሬ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አልሄደችም። ጣሪያው ላይ የተሰጣ አንሶላ አወረድን። አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች፣ ሌላውን እኔ። ነገርኳት። ብሩኖ ለሚመጣው ዓመት ይጠብቀኛል፤ ፌ. ስለማትሄድ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ፤ መሄድ እፈልጋለሁ። ተደብቄ አልሄድም፣ ያንን አጥፍቻለሁ። ግርማ እስኪፈታ ጠብቂ ካልሽኝ ግን አልጠብቅም፤ መቼ እንደሚፈታ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። አንሶላውን አጠፍን፣ እንደገና አጠፍን፣ ተቀራረብን።

ጠየቀችኝ።

“ስትወርጂ ምን ታስቢያለሽ?”

“ምንም። በሩን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን በር።”

“ስለ ግርማም?”

መዋሸት እችል ነበር።

“ስለ ግርማም አላስብም። ስላንቺም።”

አንሶላውን ከእጄ ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ይከፋታል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ጣሪያዎቹ ነው የምታየው።

“የታደልሽ” አለች። “እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖረኝ እኔም እሄድ ነበር።”

ሂጂም አትሂጂም አላለችኝም። ቅርጫቱን አንሥታ ወረደች። ከደረጃው ሥር ሆና፣ ለአባ ተክሌ የምትለውን ራሷ እንደምታውቅ፣ በዚህ እንዳልገባባት ነገረችኝ። እሺ አልኳት።

ክፉ ወሬ ሊመጣ ይችላል። ከመጣ እማዬ እንደዚያ ቀን ቀና ብላ እንደምታየኝ አውቃለሁ፤ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ነገ ለብሩኖ እደውላለሁ። እሄዳለሁ።