ሳር ላይ የደፋሁት ዝናብ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19 ቀን
ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለአለቃዬ፣ ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ምንም አልሆነ፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ አንድ፣ ማታ ስገባ ሁለት ሳትለኝ አትውልም። የግቢያችን ቧንቧ ተሰርቷል። ጣሪያው ግን አሁንም በዚያው በአንቺ ክፍል በኩል ያፈሳል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። በመጀመሪያው እዚያ ዝናብ አለ ወይ ብዬሽ ዘጋሁ። በሁለተኛው ስለ እናትሽ ጉልበት አወራሁ። በሦስተኛው አንቺው ራስሽ ያልነገርከኝ ነገር አለ እንዴ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ መስመሩ ይቆራረጣል አልኩሽ። መስመሩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ድምፅሽን ሳልሰማ የምናገርበትን መንገድ መረጥኩ። ፈሪ ብትይኝ እውነትሽን ነው።

ነገሩ ለጎርፍ ጥናትሽ ስለጠየቅሽኝ ስለዚያች ቀን ነው፤ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 8። በድልድዩ ግድግዳ ላይ የቀረው የውሃ ምልክት ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ እንደነበር ያሳያል፤ የእኛ የአየር ጠባይ ጣቢያ መዝገብ ግን አስራ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ ይላል። መምህርሽ "የመለኪያው አንባቢ ተሳስቶ ይሆናል" ሲልሽ፣ አንባቢው አይሳሳትም፣ አባቴ ነው፣ በዶፍ ዝናብ በብስክሌት እየሄደ አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አላጎደለም ብለሽ ተከራከርሽልኝ። ይህን ስትነግሪኝ እየሳቅሽ ነበር። እኔ ስልኩን ይዤ በቆምኩበት ላብ አጠመቀኝ።

መምህርሽ ደግ ሰው ነው፣ ስህተት ብሎ አለፈው። ስህተት አይደለም። ዋሽቼ ነው።

ስራዬን ታውቂዋለሽ፤ ግን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ሳሩ መሃል የቆመውን የዝናብ መለኪያ ጣሳ እከፍታለሁ። ከትናንት ጀምሮ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ እለካለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ ለዋናው መስሪያ ቤት ደውዬ ቁጥሩን እናገራለሁ። ከቤት እስከዚያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሹ ኮረኮንች። አንባቢው መድረስ ካልቻለ ደንቡ ግልጽ ነው፤ መስመሩ ባዶ ይተዋል፣ ከጎኑ ምክንያቱ ይጻፋል። ባዶ መስመር በመተው የተቀጣ ሰው አላውቅም። እኔ ግን ባዶ መስመር የለኝም እያልኩ ያልጎረርኩበት ሰው አልነበረም። ከትምህርት ቤትሽ ማቋረጫ ወዲያ ያሉት ባለ ሱቆች "ሰዓቱ" ይሉኝ ነበር፤ ሳልፍ አይተው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ።

የዚያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ጠዋትም አልበረደለትም። እናትሽ የላስቲክ ካፖርቴን እያቀበለችኝ ዛሬ እንኳ ብትቀር አለች። ዝናብ የሚፈራ ዝናብ ለኪ የት ታይቷል ብያት ወጣሁ። ትምህርት ቤትሽ አጠገብ ያለውን ማቋረጫ አትረሺውም፤ ሁለቱ ቁልቁለት የሚገናኙበትን ጎድጓዳ ቦታ። ውሃው ፔዳሉ ድረስ ደርሶ መንገዱን ከቦዩ መለየት አልቻልኩም። ፍሬኑ ረጥቦ አልይዝ አለ። የፊቱ ጎማ ቦዩ ውስጥ ገባና እኔ በመሪው ላይ ተሻግሬ በፊቴ ተደፋሁ።

ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ ሙሉ ሰው ነበር። መጀመሪያ ደነገጡ፤ መትረፌን ሲያዩ ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ "ጋሼ ሰዓቱ፣ ዛሬ በዋና ነው እንዴ?" አለ። ክፋት የለውም፤ ሮጦ መጥቶ ያነሳኝም፣ በራሱ ፎጣ ፊቴን የጠረገልኝም እሱ ነው። አንዲት ተማሪ ቆቤን ከውሃው አውጥታ ሰጠችኝ፤ በሌላው እጇ አፏን ይዛ ነበር።

እግሬ ደህና ነበር። ብስክሌቱም ካቴናው ከመውለቁ በቀር ምንም አልሆነ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሃምሳ ደቂቃ ይቀረው ነበር። መድረስ እችል ነበር፣ ልጄ። ግን ለመድረስ ጭቃ በጭቃ ሆኜ በዚያ ሰልፍ ፊት፣ ከዚያም በየሱቁ ደጃፍ ማለፍ ነበረብኝ። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጭር ብሏል። ብስክሌቱን አዙሬ እየገፋሁ ተመለስኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለዋናው መስሪያ ቤት ደወልኩ። ስልክ ተቀባይዋ ዛሬስ ይቀራሉ ብዬ ነበር አለችኝ። ያኔ አዎ፣ አልደረስኩም ብል እዚያው ያበቃ ነበር። እኔን ነው የምትጠረጥሪው አልኩና አስራ ሁለት ብዬ ተናገርኩ። እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ትሰማኛለች።

"አስራ ሁለቱን ከየት አመጣኸው?" አለችኝ።

"ከሰማይ" አልኳት። አልሳቀችም።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ጣቢያው ስደርስ ዘበኛው፣ ትናንት ጣሳው ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ የእርስዎ ስራ ነው ብዬ አልነካሁትም አለኝ። ከደወልኩ በኋላ የጣለው ካፊያ ብቻ ስለነበር ጣሳው ውስጥ ያለው የዋሸሁበት ዝናብ ነው። ብርጭቆው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አስር ሚሊ ሜትር ነው። ሞላሁት፣ አነበብኩት፣ ሳሩ ላይ ደፋሁት። ደግሜ ሞላሁ። ዘጠኝ ጊዜ ሞልቼ ዘጠኝ ጊዜ ደፋሁ፤ በአስረኛው እስከ አራተኛው መስመር መጣ። ዘጠና አራት። ያንን ብጽፍ የትናንቱ አስራ ሁለት ምን ሊባል ነው? ዜሮ ነጥብ ሦስት ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዘበኛው ብዙ ነበር አይደል ሲለኝ፣ እንደተለመደው ነው አልኩት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ ለመደብኝ። ያችን ቀን ጨምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ አስራ አንድ ቀን እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ሻይ እየጠጣሁ፣ በመስኮት እያየሁ፣ አንዱን ስምንት፣ አንዱን አስራ አምስት። ሁሉም ከባድ ዝናብ የጣለባቸው ቀኖች ናቸው፤ በቀላሉማ እሄድ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ ከመዝገቡ የጎደሉት ትልልቆቹ ዝናቦች ናቸው። ባለፈው ዓመት "አንድም ቀን ሳያጎድል" የሚል የምስክር ወረቀት ሲሰጡኝ አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበልኝ። አንቺም ፎቶውን ለጓደኞችሽ አሳየሽ። እናትሽ ወረቀቱን ሳሎን ልስቀለው ወይ እንኳ አላለችኝም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

እንዲህ ሆኜ ጡረታዬ ድረስ እዘልቃለሁ ብዬ ነበር። ግን ማዘጋጃ ቤቱ ያንን ማቋረጫ ሊሰራው እንደሆነ፣ የቦዩንም ስፋት ከአንቺ ጥናት እንደሚወስዱ ስትነግሪኝ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ በየክረምቱ እዚያ አልፋለሁ። ውሃው እግሬን የት ድረስ እንደሚይዘው አውቃለሁ። ተማሪዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን አዝለው ሲሻገሩ አያለሁ። በእኔ ቁጥር የተቆፈረ ቦይ ያንን ውሃ አይችለውም። የምትፈርሚበት ደግሞ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ አስራ አንዱንም ቀን አውጪያቸው። በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ዘጠና አራትን አትጻፊው፤ የደፋው ሰው እንዴት ምስክር ይሆናል ይሉሻል፣ እውነታቸውን ነው። ቦታውን ባዶ ተይና ከጎኑ አንባቢው አልሄደም ብለሽ ጻፊ። ስፋቱን ስትወስኑ ግን የድልድዩን ምልክት እመኚ፣ እኔን ተይኝ።

ሰኞ ለጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት። ልጅ እግር ነው፣ ያከብረኝ ነበር። "ለልጅዎ ነግረዋታል?" አለኝ። ገና ነው ስለው፣ "እንግዲያው ቀላሉን አስቀድመዋል" አለኝ። ጉዳዩን ወደ ላይ አስተላልፏል፤ ውሳኔው እስኪመጣ እሰራለሁ። ዛሬም ጠዋት ሲዘንብ ነበር። ሄጄ ለክቻለሁ፤ ሠላሳ አንድ ነው። እመኑኝ ማለት ስለማልችል ዘበኛው አብሮኝ እያነበበ እንዲፈርም ጠይቄዋለሁ። ሰውየው ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ መነጽሩን አደረገና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳው።

እናትሽ ትስምሻለች። ይህን ደብዳቤ ሳነብላት መሃል ላይ ተነስታ ወጣች፤ ተመልሳ ቀጥል አለችኝ። እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፣ ቃልሽ በሰው ፊት ይክበር፣ የልፋትሽን ዋጋ ያሳይሽ። በእኔ የደረሰ እፍረት በአንቺ አይድረስ።

ጥናትሽን በምታቀርቢበት ቀን ከመምህራኑ አንዱ አንባቢው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅሽ፣ የጣቢያው ሰራተኛ ነው ብትይ አልዋሸሽም። ቅር አይለኝም ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ይብቃኝ። ቅር ይለኛል። የምናገርበት አፍ ነው የሌለኝ።

አባትሽ