በፍልሰታ የአሳማ ጎድን

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሁለት ጊዜ አይሆንም አልኳት። ሦስተኛው ላይ ዝም አልኩ። ፍራው ሊንደ ደግሞ ዝምታን እንደ እሺ ትቆጥራለች።

ከላዬ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ሰማንያ አልፏታል። እዚህ ጀርመን፣ ጊንሃይም ሰፈር የገባሁ ዕለት በሬን አንኳኩታ ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ ያስተማረችኝ፣ በማግስቱ ደግሞ ስላልለየሁ የተቆጣችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ስሆን ፓኬቴን ትቀበልልኛለች፣ እኔ የውሃ ካርቶኗን አወጣላታለሁ። ወዳጅነት አልለውም።

ባለፈው ሳምንት መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች። ቀኝ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። ልጇ ዮርግ እሁድ ከካሰል ይመጣል። እሱ ያለበት ከተማ አልተርስሃይም አይቶላታል፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት። ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል ብሏታል። እሷ በበኩሏ በስልክ፣ «ምንም አልሆንኩም፤ ና፣ እንደ ድሮው ጎድን እሠራልሃለሁ» ብላዋለች። በዚያ እጇ ማንኪያ አትይዝም።

ስለዚህ የምሠራው እኔ ነኝ፣ የሠራችው እሷ ልትባል ነው። ጎድኑ የአሳማ ነው። ፍልሰታ ነው። ፍልሰታ ባይሆንም አሳማ ነክቼ አላውቅም።

የማይመለከተኝ ነገር ነው። እምቢ እላታለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ኒደርራድ የጽዳት ሥራ። የሦስተኛው ፎቅ ቢሮዎች። የአቧራ መሳቢያ ማሽኑን እየጎተትኩ ስለ አሳማ ሳስብ ዋልኩ፣ ያሳፍራል።

ማታ እትዬ ለተብርሃን ጋ ገባሁ። በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት ነው፣ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ሴት። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ።

«እትዬ፣ አንዲት ሰው አሳማ ብታበስል፣ ሳትበላ፣ ለሌላ ሰው ብቻ...»

«ማናት እሷ?»

«አንዲት ጓደኛዬ።»

«እጇን የተሰበረችውን ጀርመን ልትረዳ ያሰበችው ጓደኛሽ?»

እዚህ ሕንፃ ውስጥ ምስጢር አያድርም። ትንሽ አሰቡና፣ «ጓንቲ አድርጊ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ አሉ። የንስሐ አባቴ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለማውቀው አልደወልኩም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

እምቢ ልላት ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ፍራው ሊንደ ወጥ ቤት ተቀምጣ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ኪያር ጠርሙስ በጉልበቶቿ መሐል አጣብቃ በግራ እጇ ክዳኑን ትታገላለች። አልሆነላትም። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ሞከረችው። ከዚያ አየችኝ። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጽሑፉን እንደሚያነብ ሰው ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

ተቀብዬ ከፈትኩት። ጧ አለ። ሁለታችንም ስለ ጠርሙሱ አላወራንም።

«እሁድ ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?» አልኳት። እንግዲህ እሺ ያልኩት እንዲህ ነው።

ድስቱን አሳየችኝ። ኤሌክትሪክ ነው፣ ከባድ የሸክላ ሆድ አለው፣ በትንሽ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ያበስላል። ያዘዘችኝ ይኸውና፦

ከአጥንቱ ጀርባ ስስ ሽፋን አለ። በቢላ ጫፍ አንስተሽ በወረቀት ይዘሽ ላጪው፣ ካልተላጠ ጎማ ይሆናል።
ጎድኑ ድስቱ ውስጥ ይቆማል እንጂ አይተኛም።
ውሃ የለም።
ክዳኑ አይከፈትም። አይማሰልም። (ይሄ ከበደኝ። ወጥ ትቼ የምሄድ ሰው አይደለሁም።)
መጨረሻ ላይ ሶስ ይቀባና ኦቨን ይገባል፣ ጠርዙ እስኪጠቁር።
ዮርግ አንቺን እንዳያይ።

የመጨረሻውን ስትል ድምፅዋ ቀጠነ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጅዋ ጎድኑን በልቶ ብቻዬን እችላለሁ ማለቷን ካላመነ፣ ዕቃዋ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ሐሙስ አልጻፍኩም፣ ደክሞኝ ነበር።

ዛሬ ከሥራ መልስ ፍራው ሊንደ ያዘዘችውን ጎድን ከሥጋ ቤት ወሰድኩ። ከረጢቱ ላይ የምትስቅ አሳማ ተሥላለች። ወደ እግሬ አዙሬ ይዣት ኡባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ውስጥ ቆምኩ። በሩ ሊዘጋ ሲል ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዷ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል አለችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ባቡሩ ሲታጠፍ ከረጢቱም ዞረ። አሳማዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች። ጨዋ ልጅ ናት። እስከ እሁድ መላው ማኅበር እንደሚሰማው አልጠራጠርም።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቅዳሴ በፊት ማለዳ ወጣሁ። ፍራው ሊንደ በሌሊት ልብሷ ከፍታልኝ፣ የሕመም ማስታገሻው ስላደነዘዛት ተመልሳ ተኛች። ጓንቲዬን አጠለቅኩ። ፌስታሉን ከፍሪጇ አውጥቼ ስፈታው ጎድኑ ቀይ ጭቃ በመሰለ ነገር ተለውሷል። ደምና የሱቅ እድፍ መሰለኝ። ሽፋኑን ላጥኩ፣ ይህ በደንብ ሄደልኝ፣ እንደ ካልሲ ነው የወጣው። ከዚያ እጄ የሚያውቀውን አደረገ። ሎሚ ቆረጥኩ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ አሸሁ፣ አለቀለቅሁ፣ ደገምኩ። ዶሮ እንደማጥበው። ውሃው ጥርት እስኪል።

ፍራው ሊንደ መጥታ ገንዳው ውስጥ አየች። ጎድኑ ነጭ፣ ንፁሕ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል።

«ቅመሙስ?» አለች።

ለካ ያ ቀይ ነገር ቅመሟ ነበር። ሥጋ ቤቱ በእሷ አሠራር ለውሶ ያሳደረላት። አጥበሽ አትጣይው አላለችኝም፤ ሥጋ የሚያጥብ ሰው አለ ብላ አታስብም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሥጋ የማያጥብ ሰው አለ ብዬ አላስብም።

እሁድ ነው፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ፍራው ሊንደ ተቀመጠች። «ዮርግ ያውቀዋል» አለች። እንዲያ ፈርታ አይቻት አላውቅም። መናደድ መጣብኝ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቁም ሣጥኗን ከፈትኩ። ኬቻፕ፣ ማር፣ አቼቶ፣ ሰናፍጭ፣ ጭስ ጭስ የሚል ፓፕሪካ። ሽንኩርት አድቅቄ ከትፌ ያለ ዘይት አቁላላሁ። ያርራል አለች። አያርርም አልኳት። አላረረም። ቤቴ በርበሬ አለኝ፣ አላመጣሁም፤ ልጅዋ የሚፈልገው የእናቱን ጎድን ነው። ሶሱን አዋሕጄ አሸተትኩት።

«ጨው ይጎድለዋል» አልኳት።

«ሳትቀምሺ?»

የፋሲካ ዶሮ ቅዳሜ ነው የሚሠራው፣ ያኔ ደግሞ ሁላችንም ጾመኛ ነን። እናቴ በአፍንጫዋ ነበር የምትለካው፣ እኔም ከሷ ነው የተማርኩት። ፍራው ሊንደ ቀመሰች። አየችኝ። ጨው አቀበለችኝ።

ጎድኑን በሶሱ ቀብቼ ድስቱ ውስጥ አቆምኩት፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ሄድኩ። ቅዳሴ አርፍጄ ደረስኩ። እትዬ ለተብርሃን አጠገቤ ቆመው አየር ሳቡና፣ «ሎሚ ሎሚ ትሸቻለሽ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ከዚያኛው ይሻላል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ስከፍት በመቆንጠጫ አንዱን አጥንት ያዝኩ። አጥንቱ ብቻውን ወጣ። ሥጋው ድስቱ ውስጥ ቀረ። ፍራው ሊንደ በግራ እጇ ቆንጥራ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና ሶስ ቀብተን ኦቨን ከተትነው፣ ጠርዙ ጠቆረ። ቤቱ ሁሉ ጭስና ማር ሸተተ። እኔን አልማረከኝም፣ ግን የተዋጣለት ነገር ሲያዩት ይታወቃል።

«በይ ውረጂ» አለችኝ።

ወረድኩ። ልብስ አጥባለሁ ብዬ ነበር። አላጠብኩም። ከወጥ ቤቷ በታች ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ የወንበር ኮቴ አዳመጥኩ። ወንበር ተሳበ። ጸጥታ። ከዚያ ደረጃው ላይ እርምጃ፣ ከዚያ የእኔ ደወል።

ዮርግ ነው። ረጅም፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ዓይኑ የደከመ። ሳህን ላይ ሁለት ጎድን ይዟል።

«እናቴ ሎሚ አትጠቀምም» አለኝ። «ሽንኩርትም በዚያ እጇ እንዲህ አትከትፍም። ጎረቤት ብላ የምታነሳልኝ ደግሞ አንቺን ብቻ ነው። የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልቻልኩም። አዎ አልኩት። ሥጋውን ማጠቤንም ነገርኩት። ሊስቅ ነበር፣ ተወው።

«ብቻዋን ትችላለች?»

ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል ትዝ አለኝ። ጥርሷ ክዳኑ ላይ፣ እሱም ትዝ አለኝ።

«ጠርሙስ መክፈት አትችልም» አልኩት። «እኔ እከፍትላታለሁ።»

ወደ ላይ ስንት ጊዜ ትወጫለሽ አለኝ፤ ስትጠራኝ እወጣለሁ፣ ሳትጠራኝም እወጣለሁ አልኩት። ይህን ስናገር እውነት መሆኑን ያወቅኩት ገና ያኔ ነው። ከቁልፎቹ መሐል የእናቱን ቤት ቁልፍ በጥፍሩ እየታገለ አወጣና መዳፌ ላይ አደረገው። እጇ ከጀሶ እስኪወጣ እናያለን አለ። ከዚያ በኋላ ስላለው ምንም አላለም።

ሳህኑን ረስቶ ሄደ። ሁለቱን ጎድን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ከታች አስቀመጥኩ። ፍሪጄ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ሳህኑን ልመልስ ወጣሁ። በሩን በጥቂቱ ከፈተችው።

«ስለ ጠርሙሱ ነገርሽው።»

«ጠየቀኝ።»

«ጎድኑን በልቶ ነበር። ሁለቴ ነው ያነሳው። ያምነኝ ነበር።» ሳህኑን በግራ እጇ ተቀብላኝ በሩን ዘጋችው።

ምን ይባላል። በጾሜ አሳማ ላጥኩ፣ ማኅበር ያማኛል፣ በመጨረሻም በር ተዘጋብኝ። ለሰው መድከም ትርፉ ይኸው ነው። አላበሳጨኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማንም የማያነበው ደብተር ላይ ምን ያስዋሸኛል? ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።

ቁልፉን ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ከላይ ኮቴዋ ይሰማኛል። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ሥራ። ዝናብ። ባቡሩ ዘገየ።

ስመለስ በሬ ፊት ምንጣፉ ላይ አንድ ጠርሙስ ቆሟል። ኪያር፣ አዲስ፣ ያልተከፈተ። ወረቀት የለበትም፣ ማንም የለም። እትዬ ለተብርሃን በራቸውን ከፍተው ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «እሱ እንኳ የጾም ነው» ብለው ገቡ።

ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ ከፈትኩት። ክዳኑ ጠንካራ ነበር። ቁልፉን ከምስማሩ አንስቼ ኪሴ ከተትኩና ጠርሙሱን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደወሉን ደወልኩ።